ነቅታ የተኛች ታካሚ

አናርካ ምጥ ላይ ሦስተኛ ቀኗን ስትይዝ ዕድሜዋ ገና 17 ዓመት ገደማ ነበር። ጊዜው 1845 ነው (ከተለየ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ቦታው በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ አጠገብ። አናርካ ባሪያ ናት፤ ምጡ የእሷ ቢሆንም አካሏ የጌታዋ ንብረት ነው። ልጁ በመሣሪያ ተስቦ ወጣ። ከቀናት በኋላ በሽንት ፊኛዋና በብልቷ መካከል ያለው ሥጋ ሞቶ ረገፈ፤ ከኋላዋም እንደዚሁ። ከዚያ ወዲያ ሽንቱም ዓይነ ምድሩም ሳታውቀው ይፈሳት ጀመር። እኛ አገር ፌስቱላ የሚባለው ሕመም ነው።

ሐኪሙ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ ይባላል። በጓሮው ለባሮች የሠራት ትንሽ ሆስፒታል ነበረችው፤ አናርካን፣ ቤትሲን፣ ሉሲንና ስማቸው ያልተጻፈ ሌሎች ሴቶችን ከጌቶቻቸው ተቀብሎ እዚያ አኖራቸው። በመጀመሪያ የቀደዳት ሉሲን ነው። በጉልበቷና በክርኗ ተደፍታ አንድ ሰዓት ያህል ቆየች፤ ሊያዩ የተጠሩ ሐኪሞች ዙሪያዋን ከበው ቆመዋል። ማደንዘዣ የለም። ሽንቷን እንዲመጥላት ብሎ ውስጧ የተወው ስፖንጅ ደሟን መረዘውና ልትሞት ለጥቂት ተረፈች። ሲምስ ራሱ ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ስቃይዋ የበረታ እንደነበር አልካደም። አናርካ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ 30 ጊዜ ያህል ተቀድዳለች። ይረዱት የነበሩት ሐኪሞች ሲሰለቻቸው ጥለውት ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አንዷን የሚይዙለት ሌሎቹ ታካሚዎች ሆኑ። በ1849 በጋ፣ በብር ክር የሰፋው የአናርካ ቁስል በመጨረሻ ገጠመ።

እዚህ ላይ ዓመቶቹን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጥቅምት 16 ቀን 1846 በቦስተኑ የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል አንድ በሽተኛ ኤተር የሚባለውን ማደንዘዣ አሽትቶ አንገቱ ላይ ያለ እባጭ ተቀደደለት፤ ወሬው በወራት ውስጥ ውቅያኖስ ተሻገረ። ስለዚህ ከአናርካ ቀዶ ጥገናዎች ብዙዎቹ የተካሄዱት ኤተር ከታወቀ በኋላ ነው። ሲምስ ግን አልተጠቀመበትም። በ1857 ኒው ዮርክ ላይ ባደረገው ንግግር የፌስቱላ ቀዶ ጥገና ለማደንዘዣው ጣጣና አደጋ የሚያበቃ ሕመም የለውም ብሏል። እንዲህ ያለው እንግዲህ ቢላውን የያዘው ሰው ነው። የተቀደዱት ሴቶች ስለዚያ ሰዓት ያሉትን የጻፈላቸው የለም።

ኤተርን ክሎሮፎርም ተከተለው። የኤደንብራው የማሕፀን ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን በኅዳር 1847 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እራት ጠረጴዛ ላይ አሽትቶት ሦስቱም ጠረጴዛው ሥር ወደቁ፤ ወዲያውም ለሚያምጡ ሴቶች ይሰጠው ጀመር። ሕመም የምጥ ተፈጥሯዊ አካል ነው የሚሉ ሐኪሞችና ሴትን በጭንቅ እንድትወልድ ያዘዘው እግዚአብሔር ነው የሚሉ አማኞች ተነሡበት። ክርክሩን ያረገበችው ኋላ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1853 ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ጆን ስኖው ክሎሮፎርሙን በመሐረብ ላይ እያንጠባጠበ አሸተታት። ንግሥቲቱ ከወሰደችው በኋላ ኃጢአት ነው ብሎ መከራከር ከባድ ሆነ።

ሆኖም ክሎሮፎርም ይገድል ነበር። ሐና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት እንግሊዛዊት በጥር 1848 የእግር ጥፍሯ ሊነቀል አሽትተዋት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ለጥፍር ነፍስ መክፈል! እንዲህ ያለ ሞት በየአገሩ ሲደጋገም፣ ሙሉውን ሰው ሳያስተኙ የሚታመመውን ቦታ ብቻ ማደንዘዝ አይቻልም ወይ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ለመምጣት ከ35 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የመጣውም ከዓይን ሕክምና ነው።

ካርል ኮለር ቪየና ውስጥ ያለ ገንዘብ የሌለው ወጣት ሐኪም ነው። ጓደኛው ሲግመንድ ፍሮይድ በዚያን ጊዜ ኮኬይንን ለድካምና ለድብርት መድኃኒትነት እያጠና ነበር። ኮለር ግን ምላሱ ሲደነዝዝ ሌላ ነገር ታየው። በ1884 ኮኬይን በውኃ በጥብጦ በእንቁራሪት ዓይን ላይ ጠብ አደረገ፤ ቀጥሎ በራሱ ዓይን። በመርፌ ራስ ብሌኑን ቢነካው አልተሰማውም። ግኝቱ መስከረም 15 ቀን በሃይድልበርግ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ሲቀርብ ኮለር አልነበረም፤ የባቡሩን ዋጋ መክፈል ስላልቻለ ጽሑፉን ያነበበለት ሌላ ሰው ነው። በዓመቱ ኮኬይን ጥርስ ሐኪሙም ቀዶ ሐኪሙም ዘንድ ገባ። ዋጋውም አብሮ መጣ፦ ኒው ዮርክ ላይ የነርቭ ማደንዘዝን በራሱና በባልደረቦቹ ላይ የሞከረው ዊሊያም ሃልስቴድ በሱስ ተይዞ ዕድሜውን ሙሉ ከሱስ ጋር ታገለ።

ካርል ሉድቪክ ሽላይክ ደግሞ መጠኑን መቀነስ ላይ አተኮረ። በጣም የቀጠነ ኮኬይን ሥጋው ውስጥ በብዛት ቢነዛ ያደነዝዛል፤ መርዙ ግን ትንሽ ነው። በ1892 በርሊን ላይ ለተሰበሰቡት የጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ይህ እያለ ለብዙ ቀዶ ጥገና ሙሉ ማደንዘዣ መስጠት ተገቢ አይደለም አላቸው። አዳራሹ በቁጣ ተነሣ፤ ሽላይክም ጥሎ ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ዘዴ ራሳቸው ሠሩበት። በ1904 አልፍሬድ አይንሆርን ሱስ የማያስይዘውን ፕሮኬይን ሠራ፤ ሃይንሪሽ ብራውን ደግሞ አድሬናሊን ሲጨምርበት ደም ሥሮቹ ስለሚጠቡ መድኃኒቱ ከተወጋበት ቦታ ቶሎ አልሄድ አለ፤ መድማቱም ቀነሰ። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ለማሕፀን ሐኪሞች ትልቅ ነገር ነው፤ ብልትና የማሕፀን በር ደም የሞላባቸው አካላት ናቸውና።

በዚህ መካከል፣ በ1898፣ ኪል በተባለችው የጀርመን የወደብ ከተማ የሆነውን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቀዶ ሐኪሙ አውጉስት ቢር ኮኬይንን በጀርባ አጥንት መካከል ወደ ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ አስገብቶ በሽተኞችን ከወገብ በታች ማደንዘዝ ችሎ ነበር። ሕመምተኞቹ ግን ራስ ምታትና ማስመለስ በረታባቸው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ረዳቱን ሂልደብራንትን ‹‹እኔን ውጋኝ›› አለው። መርፌው በትክክል ገባ፤ ስሪንጁ ግን ከመርፌው ጋር አልገጥም ብሎ ፈሳሹ ዝም ብሎ ወረደ። ተራ ቀየሩ። አሁን የተወጋው ረዳቱ ነው። ቢር ጭኑን በመርፌ ጠቀጠቀው፣ በሚነድ ሲጋር አቃጠለው፣ የቅልጥሙን አጥንት በብረት መዶሻ መታው፣ በመጨረሻም የዘር ፍሬውን ጨምቆ ጎተተው። ሂልደብራንት ምንም አልተሰማውም። ማታ ወይን ጠጥተውና ሲጋር አጭሰው ተለያዩ፤ በማግሥቱ ሁለቱም ታመሙ፣ ቢር ዘጠኝ ቀን ተኛ። ራስ ምታቱ የፈሳሹ መፍሰስ ውጤት መሆኑን ያወቀው ከዚህ ነው። ዛሬ የስፓይናል መርፌ እንደ ፀጉር የቀጠነበት ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባዝል ውስጥ ኦስካር ክራይስ ይህንኑ ማደንዘዣ ለሚያምጡ ሴቶች ሰጠ።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ቀጥ ያለ ይመስላል፦ ሴትዮዋ ነቅታ ትተኛለች፣ ሕመሙ ይጠፋል። የፍራይቡርግ ሐኪሞች ግን ሌላ ሐሳብ መጣላቸው፤ ሕመሙ ይቅርና ትዝታው ይጥፋ። በርንሃርድ ክረኒግና ካርል ጋውስ በ1906 ያሳወቁት ዘዴ ጥቂት ሞርፊንና ስኮፖላሚን በየጊዜው መውጋት ነው። ስኮፖላሚን ያፈዛል፣ ያስረሳል። መጠኑ በቂ መሆኑን የሚለዩት ለሴትዮዋ አንድ ዕቃ አሳይተው ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሰው በመጠየቅ ነው፤ ካስታወሰች ሌላ መርፌ ይጨመርላታል። ክፍሉ ይጨልማል፣ ጆሮዋ በጥጥ ይደፈናል። ሴቶቹ ይጮኹ ነበር፤ አንዳንዶቹ እየተወራጩ አልጋ ላይ እስከ መታሰር ደርሰዋል። ጠዋት ሲነቁ ግን ልጃቸውን ታቅፈው ‹‹ምንም አልተሰማኝም›› ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በ1914 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ስለዚህ ‹‹የድንግዝግዝ እንቅልፍ›› ሲጽፍ ሀብታም ሴቶች ወደ ፍራይቡርግ ጎረፉ፤ ዘዴው በአገራቸው እንዲሰጥ ማኅበር አቋቁመው በየመደብሩ ሰበኩ። ከመሪዎቹ አንዷ ወይዘሮ ካርሞዲ በ1915 ስትወልድ ደም ፈሷት ሞተች። ባሏም ሐኪሟም ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም ቢሉም እንቅስቃሴው ከዚያ በኋላ ላላ። መድኃኒቱ ግን በአሜሪካ ማዋለጃዎች ለአሥርታት ቆየ።

እኔ እነዚያን ሴቶች አልወቅስም። ምጡን ያየ ይፈርዳል፤ ከመታመም መርሳትን መምረጥ የዋህነት አይደለም። ያስጠየቀው ሐኪሞቹ ጩኸቱን እንዳልተጮኸ መቁጠራቸው ነው። ያልታወሰ ሕመም ሕመም አይደለም ከተባለ፣ በዚያ ሰዓት የምትጮኸው ማን ናት?

የማሕፀን በርን ከዳርና ከዳር በመውጋት ማደንዘዝን ጌለርት የተባለ ሐኪም በ1926 በጀርመንኛ ጻፈ። ዛሬም በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት መርፌ ይኸው ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። ሐኪሙ የማሕፀን በርን እንደ ሰዓት ገበታ ይቆጥረዋል፤ መርፌው የሚገባው ብዙውን ጊዜ አራት ሰዓትና ስምንት ሰዓት ላይ ነው። መድኃኒቱን ከመግፋቱ በፊት ስሪንጁን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ደም ከመጣ የደም ሥር ውስጥ ነውና ቦታ ይቀይራል። ከገፋ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ይገባዋል። (ወረፋ በበዛበት ክፍል መጀመሪያ የሚቀረው እነዚህ ሦስት ደቂቃዎች ናቸው።) ይህ ሁሉ ተደርጎም ማደንዘዙ ሙሉ አይሆንም፤ ከማሕፀን በር የሚነሡት ነርቮች በዳሌ በኩል ሲያልፉ የማሕፀን አናት ነርቮች በሌላ መንገድ ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ በሩ ደንዝዞ እያለ ማሕፀኑ ሲኮማተር ሆድ ይቆርጣል። ‹‹ደንዝዣለሁ ተብዬ ለምን አመመኝ?›› ለምትል ሴት መልሱ ይህ ነው፤ ዋሽታ አይደለም፣ ፈሪ ሆናም አይደለም።

ሌላም አለ። መድኃኒቱ ከመጠን ካለፈ ወይም ደም ሥር ከገባ መጀመሪያ የሚያስታውቀው በታካሚዋ አፍ ነው፤ ከንፈሯ አካባቢ ይነዝራታል፣ ምላሷ ላይ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ ጆሮዋ ይጮኻል። ቀጥሎ የሚመጣው መንዘፍዘፍ ነው። በዚያ ሰዓት ከማንም መሣሪያ ቀድማ አደጋውን የምታውቀው አልጋው ላይ ያለችው ሴት ናት፤ እንድትናገር ግን አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

በ1943 ስቶክሆልም ላይ ኒልስ ሎፍግሬንና ወጣቱ ቤንግት ሉንድክቪስት ሊዶካይን የሚባለውን ማደንዘዣ ሠሩ። ሉንድክቪስት ከአንድ የሕክምና ተማሪ ጓደኛው የማደንዘዣ መጽሐፍ ተውሶ መርፌውን በራሱ ላይ ሞከረው። በ1948 ለገበያ ዋለ፤ ከፕሮኬይን ቶሎ ይሠራል፣ ይቆያል፣ አለርጂው እጅግ ጥቂት ነው። ጥርስ የተነቀለ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1959 ሁለት የማሕፀን ሐኪሞች፣ ባልና ሚስት፣ ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ገቡ፤ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን። የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነበር። ያገኙት ግን ሲምስ ጓሮ የነበረውን ሕመም ነው፤ ያውም በምዕራቡ ዓለም የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ቀርቶ የነበረውን። በ1974 ራሱን የቻለ የፌስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ፌስቱላ በአብዛኛው የሚሰፋው ከወገብ በታች በሚያደነዝዘው በቢር መርፌ ነው፤ ሴትዮዋ ነቅታ ትተኛለች፣ ትናገራለች። በ16 ዓመታቸው የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በዚሁ መንገድ ታክመው፣ አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፣ መሣሪያ በማቀበል ቀጥለው፣ ፊደል ሳይቆጥሩ የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ በ1989 ከሐምሊኖቹ ጋር የለንደኑን የሮያል ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበሉ። የአናርካን ጓደኞች ላስታወሰ ሰው፣ ታካሚ በቀዶ ጥገና ላይ መርዳቷ ፍጹም አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ራሷ ቀዶ ሐኪም መሆኗና ስሟም በሐኪምነት መጻፉ ነው።

በ1960ዎቹ ማረጋጊያዎች መጡ። ዲያዜፓም በ1963 ገበያ ላይ ዋለ። ኬታሚንን ካልቪን ስቲቨንስ በ1962 ዲትሮይት ውስጥ ሠራው፤ በሰው መጀመሪያ የተሞከረው በሚቺጋን እስረኞች ላይ ነው። ኬታሚን የተለየ ጠባይ አለው፦ ሕመሙን ያጠፋል፣ አእምሮን ከአካል ይለያል፣ ትንፋሽን ግን እንደሌሎቹ አያቆምም። ስለዚህ ኦክስጅንም የማደንዘዣ ማሽንም በማይገኝበት ሆስፒታል፣ የእኛ አገሮቹን ጨምሮ፣ ባለውለታ ሆነ። ስትነቃ ግድግዳው ሲወዛወዝ፣ የሞተ ዘመድ ሲያናግራት ያየች ሴት ግን ውለታውን በዚያ ልክ ላታመሰግን ትችላለች።

በ1980ዎቹ የመጣው ሚዳዞላም ለአጭር ቀዶ ጥገና የተፈጠረ መሰለ፤ ቶሎ ያረጋጋል፣ ያስረሳል፣ ቶሎ ይለቃል። አሜሪካ ውስጥ ሥራ ላይ በዋለ በሁለት ዓመት ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። መድኃኒቱን የሚሰጠውና ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው አንድ ሐኪም ነው፤ ዓይኑ ከታች ሲሆን ትንፋሿ ከላይ መቆሙን ያላየበት ጊዜ ነበር። ጉዳዩ በ1988 የአሜሪካ ምክር ቤት ደረሰ። መፍትሔው አስቀድሞ ጃፓን ውስጥ ተገኝቶ ነበር፦ ታኩኦ አዮያጊ በ1974 በጆሮ ላይ ብርሃን አብርቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን መሣሪያ ይፋ አድርጓል። ኮቪድ በመጣ ጊዜ በየቤቱ የተዋወቅናት ያቺ ጣት ላይ የምትቆነጥጥ ትንሽ ዕቃ የዚያ መሣሪያ ልጅ ናት። ማረጋጊያ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ያለ እሷና ያለ አንድ ሥራው ትንፋሽ ማየት ብቻ ከሆነ ሰው መጀመር አይገባም።

የአካባቢ ማደንዘዣ ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱ ግን ሁልጊዜ ለታካሚዋ አልጠቀመም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባልቲሞር ውስጥ ክሊፎርድ ዊልስ እንብርት ሥር በምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ የማሕፀን ቱቦ መቋጠር እንደሚቻል አሳየ። ሆዱ በጋዝ ስለሚነፋ የሚያምማት ትከሻዋን ነው፤ ጋዙ ድያፍራምን ሲነካ ሕመሙ በነርቩ መንገድ ትከሻ ላይ ይወጣል። ሴትዮዋ በዚያው ቀን ቤቷ ትሄዳለች። ሕንድ ይህን ወስዳ ካምፕ አደረገችው። ኅዳር 8 ቀን 2014 በቻቲስጋር ግዛት፣ ቢላስፑር አጠገብ፣ በአንድ ቀን 83 ሴቶች በአንድ ሐኪም ቱቧቸው ተቋጠረ፤ 13ቱ ሞቱ። የሞቱበት ምክንያት ኢንፌክሽን ነው፣ የተበከለ መድኃኒት ነው ተብሎ ተከራከሩ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 እንዲህ ያሉ ካምፖች እንዲቀሩ አዘዘ። ቀዶ ጥገናው በሙሉ ማደንዘዣ ቢሆን ኖሮ በቀን 83 ማድረስ ባልተቻለ ነበር።

ወደ ስዊድን እንመለስ፤ የዚህ ታሪክ ደስ የሚለኝ ክፍል እዚያ ነው። ኡፕሳላ የሚሠራው ኡልፍ ኡልምስተንና አውስትራሊያዊው ፒተር ፔትሮስ በ1990 አንድ ሐሳብ አሳተሙ፦ ስትስል፣ ስትስቅ ወይም ዕቃ ስታነሣ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ችግሯ ከሽንት መሽኛዋ ወገብ ላይ ያለው ድጋፍ መላላቱ ነው። ከዚህ ተነሥተው አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ፕሮሊን የተባለ የፕላስቲክ ጥልፍ ከመሽኛው ሥር የማስገባት ቀዶ ጥገና ፈጠሩ። ጭንቁ ጥልፉ ምን ያህል ይጥበቅ የሚለው ነው። ከላላ ሽንቱ ያመልጣል፤ ከጠበቀ አልወጣ ይላል። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሴትዮዋን አላስተኟትም፤ ቦታውን በአካባቢ ማደንዘዣ አደንዝዘው፣ ጥቂት ማረጋጊያ ሰጥተው፣ ፊኛዋን 300 ሚሊ ሊትር ያህል በሚሆን ፈሳሽ ሞልተው ‹‹እስኪ ሳል ያድርጉ›› ይሏታል። ታስላለች፤ ጠብ ካለ ትንሽ ይስቡታል። እንደገና ታስላለች። አንዲት ጠብታ ብቻ ጫፍ ላይ ስትቀር ያቆማሉ።

በ1996 በታተመው ጥናት 75 ሴቶች ታክመው 84 በመቶ ድነዋል፤ ቀዶ ጥገናው በአማካይ የፈጀው 22 ደቂቃ ነው። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን አሠራሩ ነው። ከሲምስ ጀምሮ በዚህ ሙያ የታካሚ ድምፅ ወይ የሚታገሡት ወይ የሚያጠፉት ነገር ነበር። እዚህ ግን ያለ እሷ ሳል ሐኪሙ ሥራውን መጨረስ አይችልም።

ብዙም አልቆየ። ዘዴው ዓለምን ሲያዳርስ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ለአመቺነት ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መለሱት፤ ሳሉም ቀረ። ከዚያው የፕላስቲክ ጥልፍ የተወለዱ፣ ለማሕፀንና ለብልት መውረድ የሚገቡ ትልልቅ መረቦችም መጡ። ብዙ ሴቶች ሥጋ ውስጥ የገባ፣ የሚቆርጥ፣ ሊወጣ የማይችል ዕቃ ይዘው ቀሩ። እንግሊዝ በ2018 ጥልፉንም መረቡንም አገደች፤ አሜሪካ በ2019 ለመውረድ በብልት በኩል የሚገባውን መረብ ከገበያ አስወጣች። በሐምሌ 2020 የባሮነስ ከምበርሌጅ ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት ሴቶቹ ለዓመታት ሲናገሩ ሰሚ እንዳጡ፣ ሕመማቸው የሴትነት ጣጣ ተብሎ እንደታለፈ መዘገበ።

እኛ ጋ በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ካሰፋ በኋላ፣ ማሕፀንን በእጅ በሚሠራ ቫኩም ማጽዳት ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወጥቶ ጤና ጣቢያ ደረሰ፤ አዋላጅ ነርሶችና ጤና መኮንኖችም ሠለጠኑበት። ሙሉ ማደንዘዣ አያስፈልገውም። የሕመም ክኒን አስቀድሞ፣ የጌለርት መርፌ ቀጥሎ፣ ራስጌዋ ሆኖ የሚያናግራት ሰው ደግሞ ከዚህ ጋር፤ አሠራሩ ይኸው ነው። ባለሙያዎቻችን ‹‹አይዞሽ›› ማለቱን ያውቁበታል፤ ጥቅሙም እውነተኛ ነው፤ ፍርሃት ሲቀንስ ሕመም ይቀንሳልና። ግን አይዞሽ ሊዶካይንን አይተካም፤ ሊዶካይኑ አልቋል በሚባልበት ቀን ይበልጡን አይተካም።

እንግዲህ በ2020 በአሜሪካ ኮኔቲከት፣ በየል ዩኒቨርሲቲ የመካንነት ክሊኒክ የሆነውን እንይ። እዚያ ሴቶች እንቁላላቸው የሚወሰደው በብልት ግድግዳ አልፎ በሚገባ ረጅም መርፌ ነው፤ ለሕመሙ ከሚሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ ፈንታኒል ነው። አንዲት ሱሰኛ ነርስ መድኃኒቱን እየቀዳች ብልቃጡን በጨው ውኃ ሞላችው። ለወራት ሴቶች ጨው ውኃ ተወግተው መርፌው ገባባቸው። ጮኹ፣ ‹‹ይሰማኛል›› አሉ። የተሰጣቸው መልስ የሚፈቀደው መጠን ሁሉ ተሰጥቷል የሚል ነበር። ነገሩ የተያዘው በሴቶቹ ቃል አይደለም፤ አንድ ብልቃጥ ክዳኑ ላልቶ ስለተገኘ ነው። ነርሷ ጥፋቷን አምና በ2021 አራት ቅዳሜና እሑድ እንድትታሰር ተፈረደባት። ማሽኑ ሁሉ በቦታው ነበር፤ የጣት መለኪያዋም፣ የደም ግፊቱም። ያልተሰማው የሴቶቹ ቃል ብቻ ነው።

በዚያው ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ማሕፀናቸው በካሜራ ያለ ማደንዘዣ የታየባቸው ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ነበር፤ የምክር ቤት አባሏ ሊን ብራውን የጻፉላትን ደብዳቤ ምክር ቤት ውስጥ ደጋግማ አነበበች። ያለፈውም ታሪክ እንደገና ይታይ ጀመር፦ ለሲምስ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ የቆመው ሐውልት በሚያዝያ 2018 ተነሣ፤ በ2021 ሞንትጎመሪ ላይ አርቲስት ሚሼል ብራውደር ከቆሻሻ ብረት የሠራቻቸው የአናርካ፣ የቤትሲና የሉሲ ሐውልቶች ቆሙ።

ሉፕ የሚባለውን የወሊድ መከላከያ ማሕፀን ውስጥ ማስገባት ይህን ሁሉ ዘመን ‹‹ትንሽ ቁንጥጫ›› ተብሎ በአብዛኛው ያለ ማደንዘዣ ሲሠራ ኖረ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በነሐሴ 2024 ሊዶካይን ሊረዳ እንደሚችል በመመሪያው ጻፈ። የአገሪቱ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ በግንቦት 2025፣ ጌለርት መርፌውን በጻፈ በ99 ዓመቱ፣ ሉፕ ለማስገባት፣ ከማሕፀን ናሙና ለመውሰድና ለመሳሰሉት ሥራዎች ሐኪሙ ማደንዘዣውን አስቀድሞ እንዲያቀርብ፣ ያሉትንም አማራጮች ከታካሚዋ ጋር እንዲነጋገርባቸው መከረ። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ሥራ ይበልጣል የሚለው ገና እየተጠና ነው።